እህቴን ከገዛ መኪናዋ ስለ ጠበቁልን

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ፀረ ስርቆት ሥርዓት መምሪያ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ሲጮህ እየሰማ ያልደነገጠውን ጆሮዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ፣ እንቅልፍዎም እስከ ዛሬ እንደነበረው ሁሉ የጣፈጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ ከጸሐፊዎም ጠረጴዛ አጠገብ የተቀመጠችው፣ ማንም ውሃ ሲያጠጣት አይቼ የማላውቀው አበባ ጭምር ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፋይሌ ከመምሪያዎ ሁለት ጊዜ ስለ ጠፋ ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ስጠርዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታናሽ እህቴ የሒሳብ መምህርት ናት። እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ የምትንቀሳቀሰው በባትሪ በሚሠራ ተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ ወንበሩ ብቻውን ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ አይታጠፍም፣ ታክሲ ውስጥም አይገባም። ስለዚህ ዕድሜ ልኳን ቆጥባ ከድርጅታችሁ አንዲት መኪና ገዛች፤ ከኋላዋ መወጣጫ ያላት፣ ወለሏ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ፣ ወንበሯን ከነእሷ የምትይዝ። ሹፌሯ እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሻት ወደ ሙጫዬና ወደ መርፌዬ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እመልሳታለሁ። የምታስተምረው የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎችን ነው፤ ሃምሳ አራት ናቸው፤ ይህ ሁሉ ሲጀመር ለትልቁ ፈተናቸው ሁለት ወር ነበር የቀራቸው። ያቺ መኪና ካልተነሳች እህቴ ክፍል አትገባም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

የመከራችን መጀመሪያ፣ ይቅርታ፣ የክብራችን መጀመሪያ፣ መኪናዋ ዓመታዊ ምርመራዋን የጨረሰችበት ቀን ነው። ደንበኛ አይድከም በሚለው የድርጅታችሁ መርህ መሠረት አንድ ሠራተኛዎ እየነዳ እደጃችን ድረስ አመጣልን። ሞተሩን አጠፋ፤ ከዚያም ከኪሱ ሁለት የሚያብረቀርቁ ቁልፍ መያዣዎች አወጣ፤ የክብር ደንበኛ የሚል ተቀርጾባቸዋል። ውስጣቸው ቺፕ እንዳለና ቺፑም የድርጅቱን የደንበኞች ማረፊያ ክፍል፣ ያውም ለስላሳ ወንበር ያለበትን ክፍል በር እንደሚከፍት በኩራት አስረዳን። አንዱን ከዋናው ቁልፍ፣ ሌላውን ከመለዋወጫው ቁልፍ ጋር በብረት ቀለበት አሰረና ቀለበቶቹን በፒንሳ ጨፍልቆ ዘጋቸው፤ ክብሩ ተፈትቶ ክብር ለሌለው ሰው እንዳይተላለፍ መሆኑ ነው። ቀለበቱን የፈታ ዋስትናው ይሰረዛል የሚል ወረቀት ላይ እህቴን አስፈረማት፣ እኔንም በምስክርነት አስፈረመኝ፣ አጨበጨበልንና ሄደ። እኛም ጅሎቹ አብረን አጨበጨብን።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆየ፣ ቀጥ አለ። ደግሜ አዞርኩ፤ ተነሳ፣ ቀጥ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። የመመሪያ መጽሐፋችሁን ገልጬ ባየው፣ ይህች መብራት ብልጭ ድርግም ካለች መኪናዋ ቁልፉን አላወቀችውም፣ የያዘውም ሰው ሌባ ሊሆን ይችላል ማለት ነው ይላል። በነገራችን ላይ መጽሐፉ ስፌቱ ጠንካራ፣ ሙጫው ንጹሕ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፤ በሙያዬ እመሰክራለሁ፤ ከድርጅታችሁ በወጉ ተሠርቶ ያየሁት ነገር እሱ ብቻ ነው። መለዋወጫውን ቁልፍ አመጣሁ፤ እሱም ያው። እህቴ ከኋላዬ ወንበሯ ላይ ሆና፣ ያረመቻቸውን የፈተና ወረቀቶች ጭኗ ላይ ይዛ ሰዓቷን ታያለች።

እንግዲህ ከዚህች ጠዋት ጀምሮ መምሪያዎ የዋለልንን ውለታ በተራ በተራ ልዘርዝር፤ ውለታ መርሳት ነውር ነውና።

፩. በመጀመሪያ የማመሰግነው ስልክ የምትመልሰውን ልጅ ነው። ድምጿ ማር ነው። የምታነበው ወረቀት እንዳለ ገብቶኛል፣ ቅጠሉን ስትገልጥ ይሰማኛልና። የቁልፉን ባትሪ ቀይሩ አለች፤ ቀየርን። በሩን በቁልፉ ቆልፋችሁ መልሳችሁ ክፈቱ አለች፤ ቆልፈን ከፈትን። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ መብራቷ እስክትጠፋ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ይህንንም ሦስት ጊዜ ድገሙት አለች፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለን ተቀመጥን፣ መብራቷ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረችንም። የመኪናዋን ባትሪ ገመድ ፈትታችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ እሰሩት አለች፤ ፈታን፣ አሰርን፤ ያተረፍነው የዳሽቦርዱ ሰዓት ወደ ዜሮ መመለሱን ነው። በመጨረሻ ወረቀቱ አለቀባት መሰለኝ፣ መኪናዋ በእርግጥ የእኛ መሆኗን በትሕትና ጠየቀችኝ። ልብ ይበሉልኝ፣ ምክሯ መጥፎ ምክር አይደለም፣ ሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ ቁልፋችሁ ላይ ምን አንጠልጥላችኋል የሚል አንዲት ጥያቄ አልነበረችም።

፪. ቀጥሎ የማመሰግነው በመስኮት ቁጥር ሦስት የሚያገለግሉትን ባልደረባዎን ነው። መኪናዋ በእህቴ ስም የተመዘገበች ስለሆነች እኔ ሦስተኛ ወገን ነኝ አሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ወንድሟ ነኝ ብዬ ስኖር ሦስተኛ ወገን መሆኔን የነገረኝ ሰው አልነበረምና ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቷ በአካል ቀርባ ካልፈረመች ፋይል አይከፈትም። ቢሮው ያለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እህቴ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ መሆኗን፣ ወንበሩን የምትይዘውም የቆመችው መኪና ብቻ መሆኗን አስረዳኋቸው። ባልደረባዎ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ፊታቸው እስኪያዝን ድረስ በጥሞና አዳመጡኝና፣ ታዲያ በመኪናዋ ለምን አትመጣም ብለው ጠየቁኝ። ቀልደው እንደሆነ ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። አልቀለዱም።

ሦስት ቀን ከተመላለስኩ በኋላ ፋይሉ የተከፈተው፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ቅጹን ከመስኮቱ ተቀብላ፣ ከሥራ ስትወጣ ቤታችን ድረስ አምጥታ፣ አስፈርማ በማግስቱ ስለ መለሰችልን ነው። ደንቡን የጣሰችው እሷ ብቻ ናት፤ የሠራችውም እሷ ብቻ ናት። የትኛዋ እንደሆነች አልነግርዎትም።

፫. በስድስተኛው ቀን መኪናዋን በጎታች መኪና አስጭኜ እግቢያችሁ በር ድረስ አመጣኋት። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ እያፈረ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ። ወደ ምርመራ ግቢ የሚገባ ተሽከርካሪ በራሱ ሞተር እየተንቀሳቀሰ መምጣት አለበት ይላል፤ ተጎትቶ የመጣ ተሽከርካሪ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል አይገባም። እንዲያው በሞቴ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን ያረቀቀው ሰው ማን እንደሆነ ይንገሩኝና ግንባሩን ልሳመው! ድኖ ካልመጣ በሽተኛ አልቀበልም እንደሚል ሐኪም እኮ ነው የሆናችሁት። የጎታቹ ሹፌር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሲጨርስ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከና፣ በሃያ ዓመት ሥራው ብዙ ገደል አይቶ እንዲህ ያለ ገደል አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ጥበቃው ውሃ ሰጥቶን ተመለስን።

፬. በዘጠነኛው ቀን፣ መኪናዋ ወደ እናንተ መምጣት ስላልተፈቀደላት፣ ባለሙያዎ ወደ እኛ መጣ። ነጭ ጓንት አጥልቋል። ኮምፒውተሩን ከመሪው ሥር ሰካና ለረጅም ጊዜ አየው፤ እኔም አየሁት፤ ኮምፒውተሩም እኛን አየን። መኪናዋ ፍጹም ጤነኛ እንደሆነች፣ ይሁን እንጂ አንጎሏ ቁልፎቹን ስለማያውቅ መቀየር እንዳለበት፣ አዲሱም አንጎል ታዞ እስኪመጣ ሁለት ወር ተኩል እንደሚፈጅ ነገረን። እህቴ፣ ፍጹም ጤነኛ ከሆነች አንጎሏ ለምን ይቀየራል ብላ ጠየቀችው። እሱም ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ነው እመቤት አላት፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ፈገግ አለላት። ሴትዮዋ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ማስረጃ የሌለውን መልስ በቀይ ስትሰርዝ የኖረች ናት! የዚያን ቀን ግን አልሰረዘችለትም፤ ሁለት ወር ተኩል የሚለውን ስትሰማ ሌላው ሁሉ ጠፍቶባት ነበር። ባለሙያው ከመሄዱ በፊት መዝገቡ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ ባልታወቀ ቁልፍ አርባ አንድ ጊዜ የማስነሳት ሙከራ ተደርጓል።

፭. ይህች መዝገብ በከንቱ አልቀረችም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ለእህቴ ደረሳት። ሥርዓታችን በተሽከርካሪዎ ላይ ተደጋጋሚ የስርቆት ሙከራ መኖሩን ደርሶበታል፤ ጉዳዩን የሚያጣራ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እስከዚያው በቅርብዎ ካሉ ሰዎች እንዲጠነቀቁና ቁልፎቹን ዘመድ አዝማድ በማይደርስበት ቦታ እንዲያኖሩ እናሳስባለን ይላል። አርባ አንዱንም ጊዜ የሞከርኩት እኔ ነኝ፤ ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስምንቱን ሞክር ያለችኝ የራሳችሁ የስልክ ልጅ ናት። አንድ መኪና ለማስነሳት አንድ ሰው አልተገኘም፤ እኔን ለመጠርጠር ግን አምስት ሰው ተገኘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጅብ ሳይመጣ በባለቤቱ ላይ የሚጮኽ ውሻ ግን በእናንተ አየሁ።

እህቴ ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችልኝና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉን ከትራሴ ሥር ነው የማሳድረው ብላ ቀለደችብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

፮. አሁን ወደሚያቃጥለኝ ነገር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ራሴንም አልምርም። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። መኪናዋ ሠራተኛዎ እስኪያጠፋት ድረስ ደህና ነበረች፤ እሱ ካጠፋት በኋላና በማግስቱ እኔ እስካስነሳት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቤታችን የገባ አዲስ ነገር ያ የክብር ቁልፍ መያዣ ብቻ ነው። ምክንያቱ እሱ ይሆን ወይ ብዬ በስልክ ጠየቅኩ፤ ሳቁ። በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ በስምንት ቀን መልስ መጣ። ቃል በቃል እነሆ፦ የክብር ቁልፍ መያዣ ስጦታ እንጂ የተሽከርካሪው አካል ስላልሆነ ብልሽት ሊያስከትል አይችልም። ወይ ጉድ! በዚህ ሒሳብ ከሰማይ የወረደ ድንጋይም የጣራዬ አካል ስላልሆነ ጣራዬን ሊሰብር አይችልም። እንግዲያስ ቀለበቱን ቆርጠን እንሞክረው ብዬ ፈቃድ ለመንኩ፤ ተከለከልኩ፤ ከቆረጣችሁ የሞተሩም የመወጣጫውም ዋስትና ይሰረዛል ተባልኩ። መወጣጫውን ሲሉኝ ፈራሁ። እሱ ቢበላሽ በዓለም ላይ የሚጠግንልን ሰው የለንምና ፊርማችንን አክብሬ ተቀመጥኩ። የጥረዛ ጠረጴዛዬ ላይ ቀን በቀን ፒንሳ ይዤ የምውል ሰው፣ ፒንሳውን አንስቼ አንዲት ቀለበት አልቆረጥኩም። ሞኝ ነኝ። ከፈለጉ ይህንንም በምስክር ፊት እፈርምልዎታለሁ።

እናንተ ደብዳቤ ስትጽፉ ቀኑ ይሄድ ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጎረቤታችን አናጢውና የአክስቴ ልጅ እህቴን ያለ ወንበሯ ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቧት። ትምህርት ቤት ስንደርስ ወደ ክፍሏ የሚያስገቡ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ የእሷ መንገድ ከጎን ያለው አቀበት ነበር፣ እሱ ግን ያለ ወንበር አይረባም። ሁለተኛው ደረጃ ላይ የአናጢው እግር ተንሸራተተና አብረው ወደቁ። ክንዷ ትንሽ ተላጠ እንጂ አልተጎዳችም። ሃምሳ አራቱም ተማሪዎች በመስኮት እያዩ ነበር። አንዱም አልሳቀም፤ ብትስቁ ይሻለኝ ነበር ብላቸዋለች በኋላ። የዚያን ቀን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ አስተማረች፤ ሰሌዳው አልደርስ አላት፣ በዴስኮቹ መካከል መዞር አልቻለችም፣ ያለችበት ቦታ ተቀምጣ እየጮኸች አስረዳች። ማታ ስትመለስ ሁለተኛ ማንም እንዳይሸከማት አስማለችን።

በሃያኛው ቀን ርዕሰ መምህሯ ራሷ ቤታችን መጣች። ያቀረብንላትን ሻይ አልጠጣችም፤ ብርጭቆውን እንደያዘች ነው የተናገረችው። ፈተናው አይጠብቅም፤ ልጆቹ ከአንድ ቀን በቀር ሃያ ቀን ባዶ ተቀምጠዋል፤ ክፍሉን ለሌላ መምህር ሰጥቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ሁለተኛ መቀየር ልጆቹን ማምታታት ነው አለች። አለቀሰችም። አልፈርድባትም። ኃላፊነት ምን እንደሆነ የምታውቅ ሰው ስለሆነች ነው እስከ ቤታችን የመጣችው፤ መኪናዋ ከቆመች ወዲህ ከእርስዎ መምሪያ ተልኮ እስከ ቤታችን ድረስ የመጣ ግን የነጭ ጓንቱ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱም መኪናዋን ሊያይ እንጂ እህቴን ሊያይ አልመጣም።

፯. የመጨረሻው ምስጋናዬ በቀጥታ ለእርስዎ አይደለም፤ ለአንድ ሌባ ነው። ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አናጢው አንድ ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው በመኪና ስርቆት አራት ዓመት ታስሮ የወጣ፣ አሁን እንጨት መሸጫ ውስጥ ጭነት የሚያወርድ፣ ወደ መኪና መጠጋት እንኳ የሚፈራ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ምንም ነገር ሳይነካ ቁልፉን አሳዩኝ አለ። አሳየሁት። ይህ የተንጠለጠለው ምንድን ነው አለ። ክብር ነው አልኩት። ውስጡ ቺፕ አለው እንዴ አለ። አዎ፣ የማረፊያ ክፍል ይከፍታል አልኩት። ሰውየው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እህቴን አየ፤ ከዚያ እንዲህ አስረዳን፦ ቁልፋችሁ ራስ ውስጥም ቺፕ አለ፤ መኪናዋ ማን ነህ ብላ ስትጠይቅ ሁለቱም ቺፖች እኩል ይመልሳሉ፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲንጫጫባት የማንንም ድምፅ አትለይም፤ ስለማትለይም ሞተሩን ታጠፋዋለች። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አላስፈለገውም፤ ኮሚቴም አላቋቋመም። እሱ በዚያ ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን ከቁልፍ ላይ መጀመሪያ የሚወልቀው እንዲህ ያለው ትርኪ ምርኪ እንደነበር አክሎ ነገረንና አፈረ።

ዋስትናው እንደሚሰረዝ ነገርኩት። መልስ የሰጠችኝ እህቴ ናት፤ ቁረጠው አለች። ፒንሳዬን አምጥቼ ቆረጥኩት፤ ሰውየው መኪና ላይነካ ቃል ስለ ገባ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ኮሚቴዎ ይህንን ይመዝግብልኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። ሁለት ሰከንድ አለፈ፣ አምስት አለፈ፣ ቀይዋ መብራት ጠፋች። ሰውየው ደጃችን ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ፣ ውሃ የጠጣበትን ጨምሮ፣ አራት ደቂቃ አልሞላም። ለውለታው ምን እንክፈልህ ብንለው፣ መኪና አጠገብ መቆሜን ለማንም እንዳትናገሩ ብቻ አለን። ስሙን የማልጽፈው ለዚህ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መምሪያዎ የተቋቋመው ሌባን ከመኪና ለማራቅ ነው። ሌባው አራት ደቂቃ ፈጀበት። ባለቤቷን ግን ሃያ ሦስት ቀን አራቃችኋት፤ እንዲህ ነው እንጂ ጥበቃ! ከክፍሏም፣ ከልጆቿም አራቃችኋት፤ ያውም በደንብ፣ በማህተም፣ በፈገግታ። የማንቋሽሻችሁ ክፉዎች ስለሆናችሁ አይደለም፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እናንተ ስለማታውቁ፣ ለማወቅም ስላልፈለጋችሁ፣ አለማወቃችሁ ሊያሳፍራችሁ ሲገባ ስላላፈራችሁ ነው።

ካሣ አልጠይቅም። ይቅርታ ጠይቁኝም አልልም፤ ብትጽፉት እንኳ መኪናዋ ፍጹም ጤነኛ ነበረች ብላችሁ እንደምትጀምሩ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ የስልክ ልጅዎ የምታነበው ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ጨምሩ፤ ቁልፋችሁ ላይ ሌላ ቺፕ ያለው ነገር ካለ አውልቃችሁ ሞክሩ የምትል። ይህን ክብር ስንት ሰው ላይ እንዳንጠለጠላችሁ አላውቅም፤ ከእነሱ መካከል አንዷ ነገ ጠዋት የምትሄድበት ይኖራት ይሆናል።

ለዘለዓለም ከማይናወጠው ወንበርዎ ፊት በጥልቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ባልኩበትም የጫማዬን ክር አስሬ፣ ጤናና ረጅም የሥራ ዘመን እየተመኘሁልዎ እሰናበታለሁ፤ ረጅም ዘመኑንም የምመኝልዎ ከዚያ ወንበር ተነስተው ሌላ ቦታ እንዳይሾሙ ስለምሰጋ ነው።

ሦስተኛው ወገን፣
የመምህርቷ ወንድም፣ መጽሐፍ ጠራዡ

ግልባጭ፦
ለአምስቱ የአጣሪ ኮሚቴ አባላት፣ በየወንበራቸው
ለመስኮት ቁጥር ሦስት፣ ባለበት
ለበሩ ጥበቃ፣ ለሰጠን ውሃ ከእውነተኛ ምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ በቀይ አርማልኛለች። ስድብ ናቸው ያለቻቸውን አሥራ አንድ ቃላት አስወጥታኛለች፤ የቀሩት እሷም የተስማማችባቸው ናቸው። ሃያ ሦስት ቀን የምትለው ልክ ነው፣ የትምህርት ቀን ግን ከዚያ ውስጥ አሥራ ሰባት ብቻ ነው፣ የሰው ጥፋት አታብዛ ብላኛለች።

አንድ ነገር ግን ሳላሳያት ልጨምር። መኪናዋ በተነሳች ማግስት እህቴ ትምህርት ቤት አድርሰኝ አለችኝ። የተመደበችው የመማሪያ መጻሕፍት ማከማቻ ውስጥ ነው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መጻሕፍት ትቆጥራለች። ግቢው ውስጥ እንደገባን ከክፍሏ መስኮት ሥር አቁም አለችኝ፤ አቆምኩ። ከላይ የአዲሱ መምህር ድምፅ ይመጣል፤ የሚያስተምረው እሷ ሳትጨርሰው የቀረችውን ምዕራፍ ነው። አንድ ልጅ ጥያቄ ጠየቀው። እህቴ አንገቷን ወደ መስኮቱ አስረዝማ፣ ምን ብሎ እንደሚመልስለት ልስማ፣ ሞተሩን አጥፋልኝ አለችኝ። እጄን ቁልፉ ላይ አደረግኩ። ዳግመኛ ባትነሳስ ብዬ ፈራሁ። ሞተሩ እያጓራ ቆየን፤ መምህሩ መለሰለት፣ ልጆቹም አንድ ነገር አሉ፤ እሷ ግን አልሰማችም። ሁለተኛ አጥፋው አላለችኝም። እኔም አላጠፋሁትም።